ጌታችን ለምን «የቤተ ልሔሙ ኢየሱስ» ተብሎ አልተጠራም?

ቅዱሳን ሰላም ለናንተ ይሁን። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለኩት ነገር ልቤ ውስጥ ሲመላለስ ሰንብቷል፣ ያነሳሳኝም አንድ ሐሙስ ማታ የቤት ህብረታችን ላይ የሆነ ነገር ነው።

ህብረታችን እዚህ አዳማ ገንደ ጋራ አካባቢ አንድ ወንድም ቤት ነው የሚደረገው፣ ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሰው ሲበዛ ወጣቶቹ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሙቀቱ ስለማይቻልም በሩ ክፍት ነው። የዛን ቀን አንዲት አዲስ እህት መጥታ ነበር። ጸሎት አልቆ ሻይ ሲቀዳ እኔ ላጫውታት ብዬ «እህቴ አገርሽ የት ነው?» አልኳት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች አቀርቅራ ቆየችና «የቱን ልበልህ ወንድሜ» አለችኝ። በኋላ እንደነገረችን የተወለደችው ወልድያ አካባቢ ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ከነልብሷ ወጣች፣ ደሴ ትንሽ ተቀመጠች፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ከረመች፣ አሁን እዚህ አንድ ጁስ ቤት ነው የምትሰራው።

ጥያቄዬ በክፋት አልነበረም፣ ግን ምን እንዳደረጋት ፊቷ ላይ አየሁት። በኛ ዘንድ «አገርህ የት ነው» ማለት የት ትኖራለህ ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዴ የአገር ልጅ ፍለጋ ነው፣ ናፍቆት ነው፣ እሱ ደስ ይላል። አንዳንዴ ግን መልሱን ሰምተን ሰውየውን ከነማን ጋር እንደምንቆጥረው የምንወስንበት ነው፣ ይሄ ደሞ ቤተክርስቲያን ውስጥ የለም ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፣ አለ። አገልጋይ ሲመረጥ አለ፣ ልጅ ሲዳር አለ፣ ለቅሶ ላይ ማን ማን ጋ እንደሚቀመጥ ብቻ ማየት ይበቃል።

እስቲ ጌታን እንይ። የተወለደው ቤተ ልሔም ነው፣ የዳዊት ከተማ፣ ሚክያስ ትንቢት የተናገረላት። ገና ሕፃን እያለ ሄሮድስ ሊገድለው ስለፈለገ በሌሊት ወደ ግብፅ ተሰደደ። ሄሮድስ ሞቶ ሲመለሱ ደሞ በይሁዳ ልጁ አርኬላዎስ ነግሷል ሲባል ዮሴፍ ፈራ፣ በሕልም ተነግሮት ወደ ገሊላ ዞረ፣ ናዝሬት ገብተው ኖሩ (ማቴዎስ 2)። ስለዚህ ማቴዎስ እንደሚተርከው ከግብፅ መልስ ናዝሬት የገቡት ወደው መርጠዋት አይደለም፣ ወደ ይሁዳ ለመሄድ ስለተፈራ ነው። ስንቶቻችን ነን ዛሬ የምንኖርበት ከተማ በእንዲህ ያለ መንገድ የገባነው! ናዝሬት ደግሞ እንኳን ዝና ሊኖራት ብሉይ ኪዳንን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡ ስሟ አንዴም አይገኝም።

ናትናኤል «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን ናትናኤል ራሱ የየት ሰው እንደነበር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ዮሐንስ 21፥2 ላይ አለ፣ የገሊላ ቃና ሰው ነው። ቃና እኮ ከናዝሬት ብዙም የማትርቅ እዛው ገሊላ ያለች መንደር ናት፣ ከሮም ወይ ከኢየሩሳሌም የመጣ ትልቅ ሰው አይደለም የናቃት፣ የዛው ሰፈር ሰው ነው። ንቀት ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ስለ ጌታ የነገረው ፊልጶስ ደሞ ናዝሬትን እያወደሰ አልተከራከረውም፣ «መጥተህ እይ» ብቻ ነው ያለው።

ዮሐንስ 7 ላይ ደሞ ሕዝቡ ስለሱ ሲከፋፈል እናያለን፣ ግማሹ ይሄ ክርስቶስ ነው ይላል፣ ግማሹ ክርስቶስ እንዴት ከገሊላ ይመጣል፣ መጽሐፍ ከቤተ ልሔም አይደል እንዴ የሚለው እያለ ይሟገታል። በአንድ ቃል የሚያልቅ ክርክር ነበር! «የተወለድኩት ቤተ ልሔም ነው፣ የዳዊት ዘር ነኝ፣ እናቴን ጠይቁ» ቢል በቃ፣ ማስረጃውም እውነቱም የሱ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን አላለም፣ ቢያንስ አንድም ቦታ ብሏል ተብሎ አልተጻፈም። በትውልድ ቦታው ራሱን ከፍ አላደረገም፣ የኖረበትን የተናቀውን ስም ተሸክሞ ዝም አለ።

ናዝሬትስ ምን አደረገችለት? ሉቃስ 4 ላይ ከከተማ አውጥተው ከተራራው አፋፍ ቁልቁል ሊጥሉት ወሰዱት። ከዛ በኋላ ቅፍርናሆም ነው የተቀመጠው፣ ማቴዎስ 9፥1 ላይ ቅፍርናሆምን «የገዛ ከተማው» ይላታል። እኔ ብሆን ያን ቀን የናዝሬትን ስም ከላዬ አራግፌ እጥለው ነበር። እሱ ግን መስቀሉ ላይ ጲላጦስ በዕብራይስጥ በሮማይስጥና በግሪክ ያስጻፈው ጽሕፈት «የአይሁድ ንጉሥ የናዝሬቱ ኢየሱስ» ነው፣ መቃብሩ ጋ መልአኩ ለሴቶቹ የናዝሬቱን ኢየሱስን ትፈልጋላችሁ አላቸው፣ ጴጥሮስ መልካም በሚሏት በር ሽባውን ያስነሳው በናዝሬቱ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደሞ የደማስቆ መንገድ ላይ ነው። አርጓል፣ በአብ ቀኝ ተቀምጧል፣ ብርሃኑ ሳውልን መሬት ላይ ጥሎታል፣ ጌታ ሆይ ማነህ ብሎ ሲጠይቀው ከክብሩ ምን ብሎ መለሰ? «አንተ የምታሳድደኝ የናዝሬቱ ኢየሱስ እኔ ነኝ» (ሐዋ. 22፥8)። ከሰማይ እኮ ነው ወገኖቼ! ሊገድሉት በሞከሩበት ከተማ ስም ክብሩ ውስጥ ሆኖ ይጠራበታል።

እኛ እዚህ ያለን ሰዎች ይሄ ነገር ከሌላው በላይ ሊነካን ይገባል ብዬ አስባለሁ። ይቺን ከተማ ጃንሆይ ናዝሬት ያሏት በዛችው በወንጌሏ ናዝሬት ስም ነው፣ በፈረንጆች 2000 ላይ በይፋ ወደ ቀድሞ ስሟ ወደ አዳማ ተመለሰች፣ እሱም ኦሮምኛው አዳሚ ከሚለው ከቁልቋል የመጣ ነው ይባላል፣ ትልልቆቹ ግን አሁንም አፋቸው ናዝሬት ይላል። የስም ክርክር ውስጥ አልገባም፣ የኔ ጉዳይ እሱ አይደለም። ምድሯ ኦሮሞ ወገኖቻችን ከጥንት የኖሩባት ናት፣ ከዛ የጅቡቲው ባቡር መጣ፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፣ በባቡሩ ነጋዴው መጣ፣ በ1954 ሆላንዶቹ ወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሲከፍቱ ደሞ አገዳ ቆራጩ ከከምባታ ከሀዲያ ከወላይታ ጎረፈ።

አባቴ ከነዛ አንዱ ነው። ዱራሜ አካባቢ ተወልዶ በወጣትነቱ ነው ወንጂ የገባው፣ ለአንድ ወቅት ሰርቼ ሁለት በሬ ገዝቼ እመለሳለሁ ብሎ። አልጋው ስር የቆርቆሮ ሳጥን ነበረችው፣ ውስጧ ቡሉኮና ለአገር ቤት የተገዛ አንድ ኮት ነበር፣ ቁልፏ አንገቱ ላይ። በየዓመቱ አገዳ ቆረጣው ሲያልቅ «ዘንድሮ ይለፍና» ይላል። ካምፕ ውስጥ ቤታችን ጓሮ ነበረው፣ አባቴ ግን ምንም አይተክልም፣ ለሚሄድ ሰው ምን ያደርጋል ነበር የሚለው። እናቴ ናት ከአገር ቤት የእንሰት ችግኝ በጆንያ ጠቅልላ በአውቶቡስ ያመጣችው። ተከለችው፣ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣችው፣ ግን የወንጂ ፀሐይ አልቻለውም፣ ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ እየነደደ ደረቀ። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች፣ ትንሽ ልጅ ብሆንም አስታውሳለሁ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ኦሮሞ እናት መጥተው «ልጄ ይሄ አፈር እንሰት አይወድም፣ እንቺ ይሄን ትከይ» ብለው የፓፓያ ፍሬ በቅጠል ጠቅልለው ሰጧት። እኛ ልጆቹ ያደግነው ያን ፓፓያ እየበላን ነው። አባቴ የሞተው እዛው ወንጂ ነው፣ ሳጥኗን ስንከፍታት ኮቱ አንዴም ሳይለበስ ብል በልቶታል።

ኤርምያስ 29ን ሳነብ ሁሌ ይቺ ሳጥን ትመጣብኛለች። ግድግዳችን ላይ የምንሰቅለው ቁጥር 11ን ነው፣ ለእናንተ የማስባትን አሳብ አውቃለሁ የሚለውን፣ ግን ደብዳቤው የሚጀምረው ከዛ አይደለም። ተማርከው ባቢሎን ለገቡት ሰዎች «ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ» ይላል፣ አታክልት ትከሉ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆች ዳሩ፣ የምትኖሩባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ስለሷም ጸልዩ ይላል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ይመለሳል እያለ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ያለው ሰባ ዓመት ነው። ሰባ ዓመት ማለት ደብዳቤውን ከሰሙት አብዛኞቹ እዛው ይቀበራሉ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ያለውን የሰማ ሰው ሳጥኑን ቆልፎ ይቀመጣል፣ ሰባ ዓመቱን ያመነ ፓፓያ ይተክላል። ዛሬም አዳማ ተቀምጠን ልባችን ካናዳ ወይ አረብ አገር የሆነብን አለን፣ ቪዛ እስኪመጣ ብለን አገልግሎት የማንይዝ፣ ጎረቤታችንን በስሙ የማናውቅ።

ይሄን ስል ግን የመጣህበትን እርሳ ማለቴ አይደለም፣ ዘርን መርሳት መንፈሳዊነት የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ፣ አይደለም። ዘዳግም 26 ላይ እስራኤላዊው የመጀመሪያውን ፍሬ በእንቅብ ይዞ ሲመጣ መሠዊያው ፊት ቆሞ ስለ ተቅበዝባዥ አባቱ፣ ወደ ግብፅ ስለ መውረዳቸው፣ እግዚአብሔርም እንዴት እንዳወጣቸው እንዲናገር ታዟል። የመስቀል ሰሞን መናኸሪያው ወደ ሆሳዕና ወደ ዱራሜ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሰው ሲጨናነቅ እኔ ደስ ይለኛል፣ ይሂዱ፣ እናት አባት ይጠይቁ። ልዩነቱ የመጣህበት ምስጋና ሆኖ መሠዊያው ላይ ሲቀርብና ሌላውን መመዘኛ ሲሆን ነው።

ወደዛች ሐሙስ ልመለስ። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ዘፍጥረት 16ን ገለጥኩ። አጋር በረሃ ላይ ምንጭ አጠገብ ተቀምጣለች፣ መልአኩ «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» ይላታል። ከእመቤቴ ሸሽቼ ነው አለች፣ የመጀመሪያውን ብቻ መለሰች፣ ለሁለተኛው መልስ አልነበራትም። ይሄን ብዙ ጊዜ አስተምሬበታለሁ። የዛን ሌሊት ግን ያላየሁትን አየሁ፣ እዛ ምዕራፍ ላይ ሦራም አብራምም ሲያወሩ «ባሪያዬ»፣ «ባሪያሽ» ነው የሚሉት፣ አንዳቸውም በስሟ አልጠሯትም። መልአኩ ግን ከየት መጣሽ ከማለቱ በፊት «አጋር» አላት።

እኔ እህታችንን ስሟን ሳልጠይቃት ነበር አገሯን የጠየቅኳት።

በሳምንቱ ሐሙስ ቀድሜ ሄጄ በር ላይ ጠበቅኳት፣ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ስሟን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ፣ እኔም የኔን ነገርኳት። ጸሎት ላይ ርዕስ ያለው ሰው ሲባል እጇን አነሳች፣ ሁለት ነው ያለኝ አለች፣ አንዱ ወልድያ የቀሩት እናቷ ዓይናቸውን ታመዋል፣ ሌላው እዚህ የምትሰራበት ጁስ ቤት ባለቤት ሴትዮ የመውለጃዋ ቀን ደርሷል፣ ተንበርክከን ለሁለቱም ጸለይን።