የኢንሹራንስ ኩባንያ የፌዴራል ግብር ክርክር፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሰበር ችሎት

ደብረ ብርሃን ላይ መኪናውን ኢንሹራንስ የሚያስገባ ሰው ብሩን የሚከፍለው እዚያው ቅርንጫፍ ነው። የትርፍ ግብሩ ጉዳይ ግን አዲስ አበባ ያልቃል። ኩባንያው የቅርንጫፎቹን ሒሳብ በሙሉ ጠቅልሎ ለፌዴራሉ ገቢዎች ሚኒስቴር ያሳውቃል። የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ ነው። ኩባንያው የግል ከሆነ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 መሠረት ይህ የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ነው። የቅርንጫፉ ሠራተኞች የደመወዝ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 97 ለክልሉ ይገባል።

ለክርክር በር የሚከፍተው የትርፉ ስሌት ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚመላለስ አንድ የአይሱዙ ባለቤት ግንቦት 1 የዓመት ዓረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) 12,000 ብር ከፈለ እንበል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። እስከዚያ ያለፈው ሽፋን የ2 ወር ብቻ ነው። 10,000 ብር ገደማው ገና ላልደረሰ አደጋ የተያዘ ነው። መኪናው ነሐሴ ላይ በጭጋግ ቢገለበጥ ካሳው ከየት ሊመጣ ነው? ስለዚህ የገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ጠቅላላ መድን (ከሕይወት ውጭ ያለ ኢንሹራንስ) የሚሠራ ኩባንያ ይህን መጠባበቂያ ከገቢው እንዲቀንስ ይፈቅዳል፤ በቀጣዩ ዓመት ግን መልሶ ገቢ ያደርገዋል። ፍትሐዊ ነው። ያልተሠራበትን ገንዘብ ትርፍ ማለት አይቻልም። መጠባበቂያው ተጋኗል ብሎ የሚጠይቅ ኦዲተርም አላጠፋም፤ የሕዝብ ገቢ ነውና።

ካልተስማሙስ? በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንደተደነገገው፣ ኩባንያው የግብር ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ለራሱ ለግብር ሰብሳቢው ያቀርባል። ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። ለዚህ አከራካሪውን ግብር 50 በመቶ አስቀድሞ መክፈል አለበት። ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሄድ 75 በመቶ ይሆናል። ይህ ለትልቅ ኩባንያ ይቻላል፤ አቅሙ ላነሰ ግብር ከፋይ ግን በጣም ከባድ ነው።

የማስረዳት ሸክሙም የግብር ከፋዩ ነው። የደብረ ብርሃኑ ቅርንጫፍ የውል ቅጂና የዓረቦን ደረሰኝ ካላስቀመጠ፣ አዲስ አበባ ያለው ጠበቃ ባዶ እጁን ይቆማል። ያውም የፍሬ ነገሩ፣ ማለትም የማስረጃው፣ ክርክር የሚያበቃው ኮሚሽኑ ላይ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚያየው የሕግ ስህተትን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎም የመጨረሻ ፍርድ መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንዳለበት የሚያጣራው ሰበር አለ። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።