በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀትና የበረራ ጊዜ

በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም። የበረራው ጊዜ ግን እንደ አቅጣጫውና እንደ ዕለቱ ነፋስ ይለያያል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሰዓት ይፈጃል» የሚለው ቁጥር ምን ምን እንደሚያካትት ሳያውቁ ጉዞ ማቀድ ያሳስታል።

የአየር ርቀት የሚለካው የምድርን ክብነት ተከትሎ በሚሄደው አጭሩ መስመር ነው። በሉል ላይ ክር ወጥሮ ሁለቱን ቦታዎች ማገናኘት መስመሩን በግልጽ ያሳያል። ጠፍጣፋ ካርታ ግን ያታልላል፤ ከለንደን ወደ ሎስ አንጀለስ የሚወስደው አጭር መንገድ ወደ ሰሜን ጎብጦ በግሪንላንድ ላይ ያልፋል። ለስሌቱ የሁለቱ ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ እንዲሁም አማካይ የምድር ሬዲየስ (6,371 ኪሎ ሜትር) ይበቃሉ። ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች ውጤቱ እስከ ግማሽ በመቶ ገደማ ሊዛባ ይችላል። የበረራ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል 1,852 ሜትር ነው።

ትልልቆቹ ስህተቶች የሚመጡት ከቀመሩ ሳይሆን ከሚገባው ቁጥር ነው። 40 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በአስርዮሽ 40.5 እንጂ 40.30 አይደለም፤ በኬክሮስ ላይ ይህ ብቻ 22 ኪሎ ሜትር ያሳስታል። የምዕራብ ኬንትሮስ የመቀነስ ምልክት ከተረሳ ደግሞ ማረፊያው ሌላ አህጉር ላይ ወይም ውቅያኖስ ውስጥ ይገኛል። አንድ ከተማ ብዙ ማረፊያዎች ሊኖሩት ስለሚችል ባለሦስት ፊደሉን መለያ ኮድ ማየትም ያስፈልጋል።

ለጄት አውሮፕላን ግምታዊው ስሌት ርቀቱን በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር አካፍሎ 30 ደቂቃ መጨመር ነው። ጭማሪው የሚያስፈልገው አውሮፕላኑ ሲወጣና ሲወርድ ቀስ ስለሚል ነው፤ ከ35,000 ጫማ ከፍታ መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ነው። በቲኬት ላይ የሚታየው ጊዜ ከዚህም ይረዝማል፤ ከበሩ ተነሥቶ እስከ መድረሻው በር ያለውን፣ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስበትንም ጊዜ ይቆጥራልና።

ከሁሉ ይበልጥ ሰዓቱን የሚቀያይረው ነፋስ ነው። የ30 ደቂቃው ጭማሪ ሳይቆጠር፣ 5,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት 850 ሲበረር 5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ይወስዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ከገፋ 5 ሰዓት ከ16፣ ከፊት ከገጠመ 6 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ልብ በሉ፤ በሄዱበት የተረፈው በመልስ ከሚጠፋው ያንሳል፤ ደርሶ መልሱ ነፋስ ከሌለበት ቀን በ10 ደቂቃ ይበልጣል። በሰሜን አትላንቲክ ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን መሄድ ከመልሱ የሚያጥረውም ከፍ ባለው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ (ጄት ስትሪም) የተነሣ ነው።

የተዘጋ የአየር ክልልም አጭሩን መስመር ያስጥላል። ከሄልሲንኪ ወደ ቶኪዮ በአየር ርቀት 7,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ2022 በፊት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ የሩሲያ ሰማይ ከተዘጋ በኋላ ወደ 13 ሰዓት ደርሷል።

የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚጻፈው በየአገሩ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱን ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ሳይመልሱ መቀነስ አይገባም። የወቅት ለውጥም አለ፤ አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ያዞራሉ። ለንደንና ኒው ዮርክ በአብዛኛው በ5 ሰዓት ይለያያሉ፣ በመጋቢት አጋማሽ ግን አሜሪካ ሰዓቷን ቀድማ ስለምታዞር ለጥቂት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ሰዓት ይሆናል።