ኤል ሳንቶ፦ ፊቱን ለአርባ ዓመት የደበቀው ሬስለር

ሬስሊንግ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው የአሜሪካኖቹን ነው። ጭምብል ያጠለቀ ሬስለር ጥቀሱ ብንባል ቶሎ የሚመጣልን ሬይ ሚስቴሪዮ ነው። የእሱ ጭምብል ግን ሥሩ ሜክሲኮ ነው። እዚያ ሬስሊንግ «ሉቻ ሊብሬ» ይባላል። በሉቻ ሊብሬ ዓለም ደግሞ የኤል ሳንቶን ያህል የገነነ ስም የለም። ሰውዬው ከ1942 እስከ 1982 በብርማ ጭምብል ተፋልሟል (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከ50 በላይ ፊልሞች ላይ ሠርቷል። በስሙ የሥዕል መጽሔት ይታተም ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊቱን የሚያውቁት ቤተሰቡና ጥቂት የቅርብ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ስለ ኤል ሳንቶ ሲወራ ጀግንነቱ ነው የሚቀድመው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ኑሮው ነው። የሚበላበትን መንገድ፣ የሚሳፈርበትን አውሮፕላን፣ የሚቀበለውን ሥራ ሁሉ የሚወስነው ጭምብሉ ነበር።

ትክክለኛ ስሙ ሮዶልፎ ጉስማን ኡዌርታ ነው። መስከረም 23 ቀን 1917 ኢዳልጎ በምትባለው ግዛት፣ ቱላንሲንጎ ከተማ ተወለደ። ልጅ እያለ ቤተሰቡ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ገባና ቴፒቶ ሰፈር ተቀመጠ። ቴፒቶ በገበያውና ባፈራቸው ቦክሰኞች የሚታወቅ የድሃ ሰፈር ነው። ከወንድሞቹም ወደ ሬስሊንግ የገቡ አሉ። ሚጌል የሚባለው «ብላክ ጉስማን» በሚል ስም ታዋቂ ሆኗል።

ያኔ ሉቻ ሊብሬ ገና አዲስ ነበር። ሳልቫዶር ሉተሮት የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ቴክሳስ ኤል ፓሶ ውስጥ የሬስሊንግ ግጥሚያ አይቶ ነገሩ ገባው። በ1933 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ያ ድርጅት ስሙን ቀይሮ ዛሬም አለ፤ እስካሁን ከሚሠሩ የሬስሊንግ ድርጅቶች የዓለም አንጋፋው ነው። ሮዶልፎም በ1930ዎቹ አጋማሽ በዚህ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ሩዲ ጉስማን ነበር። ከዚያ ቀዩ ሰው፣ ከዚያ ጥቁሩ ጋኔን ተባለ። አንዱም አልያዘለትም።

ቀጥሎ የሞከረው ትንሽ ድፍረት ነበረበት። በጊዜው ሙርሲዬላጎ ቬላስኬስ የሚባል ስመ ጥር ተፋላሚ ነበር፤ ሙርሲዬላጎ የሌሊት ወፍ ነው። ይህ ሰው በከረጢት የሌሊት ወፎች ይዞ መጥቶ ሪንጉ ላይ ይለቃቸው ነበር። ሮዶልፎ ሄዶ ራሱን «ሙርሲዬላጎ ሁለተኛው» ብሎ ሰየመ። ባለስሙ ዝም አላለም። ለቦክስና ሬስሊንግ ኮሚሽኑ አቤት አለ፤ ኮሚሽኑም ስሙን ከለከለ።

በ1942 ኄሱስ ሎሜሊን የሚባል ማኔጀር ብርማ የሚለብስ ቡድን ሊያደራጅ ፈለገ። ለሮዶልፎ ሦስት ስም አቀረበለት፦ ቅዱሱ፣ ሰይጣኑ፣ መልአኩ። እሱም ቅዱሱን፣ ኤል ሳንቶን መረጠ። የሚገርመው፣ ይህ ቅዱስ ወደ ሪንግ የገባው ክፉ ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ማለት ግድ ነው። በሉቻ ሊብሬ ሁለት ወገን አለ። «ቴክኒኮ» በሕግ የሚጫወተው፣ በችሎታው የሚታመነው ነው፤ በድሮ ቪዲዮ ቤት ቋንቋ አክተሩ ማለት ነው። «ሩዶ» ደግሞ ዳኛው ዞር ሲል የሚማታው፣ የሚነክሰው፣ ጭምብል የሚጎትተው ነው። ግጥሚያው ብዙ ጊዜ ከሦስት ዙር ሁለቱን ላሸነፈ ነው። የባላጋራን ትከሻ መሬት አስነክቶ ዳኛው ሦስት እስኪቆጥር የያዘ፣ ወይም ጠምዝዞ «በቃኝ» ያሰኘ ዙሩን ይወስዳል። ጭምብል የነጠቀ ከግጥሚያው ይሰረዛል።

«እሱማ ድራማ ነው» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቃል። ከሪንጉ ዘሎ መሬት ላይ የሚያርፈው አካል ግን የእውነት ነው። ጉልበቱ ያለቀ፣ አንገቱ የተጎዳ፣ ሪንግ ላይ የሞተም አለ።

ጭምብሉን በተመለከተ ሳንቶ የመጀመሪያው አይደለም። በ1934 ሳይክሎን ማኬይ የሚባል አሜሪካዊ ተፋላሚ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ሄደ፤ አንቶኒዮ ማርቲኔስ ወደሚባል። በትግል መሐል የማይወልቅ መሸፈኛ ስፋልኝ አለው። ማርቲኔስ የሰውየውን ጭንቅላት በየአቅጣጫው ለካና ከፍየል ቆዳ ሰፋለት፤ ከኋላ እንደ ጫማ በማሰሪያ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም እሱ ዘንድ ይመላለሱ ጀመር። ዛሬ ጭምብሉ ከሚለጠጥ ጨርቅ ይሠራል፤ የኋላው ማሰሪያ ግን አሁንም አለ።

ትልቁ ግጥሚያ የውርርድ ግጥሚያ ነው። ለዋንጫ ወይም ለቀበቶ አይደለም፤ ጭምብል በጭምብል፣ ወይም ጭምብል በፀጉር ነው። ፀጉር ያስያዘ ከተሸነፈ ሪንጉ ላይ ይላጫል። እሱስ ይበቅላል። ጭምብል ያስያዘ ከተሸነፈ ግን ሕዝብ ፊት አውልቆ ያስረክባል። ስሙ፣ የትውልድ ቦታው፣ ስንት ዓመት እንደተፋለመ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ያንን ጭምብል መልሶ አያጠልቅም። ለብዙዎቹ የሥራ ዘመናቸው ትልቁ ክፍያ የሚገኘውም በዚያች ሌሊት ነው፤ ጡረታ የወጡ ያህል ነው።

ሳንቶ ጭምብሉን አንድም ቀን አልተሸነፈም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ሕዝቡ አይወደውም ነበር። አሬና ኮሊሴዮ የተባለው የሜክሲኮ ሲቲ የሬስሊንግ አዳራሽ በሚያዝያ 1943 ሲመረቅ የምሽቱ ዋና ግጥሚያ የእሱና የታርዛን ሎፔስ ነበር፤ ሎፔስ አሸነፈ። ቆየት ብሎ ከጎሪ ጌሬሮ ጋር ተጣመረ። «አቶሚኩ ጥንድ» ይሏቸው ነበር፤ ሁለቱም የለየላቸው ሩዶ ናቸው። ጎሪ ስሙ አዲስ ከመሰለ፣ በእኛ ዘመን በቴሌቪዥን ያየነው የኤዲ ጌሬሮ አባት ነው። ሳንቶ የሚታወቅበትን «ላ ዴ አ ካባዮ» የተባለ አያያዝ የፈጠረውም ጎሪ ነው ይባላል። ባላጋራውን በሆዱ ያስተኛዋል። ጀርባው ላይ እንደ ፈረሰኛ ጉብ ይላል። ክንዶቹን በጉልበቱ ያስደግፍና አገጩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ይስበዋል። ከዚያ ውስጥ የሚወጣ ብዙ አልነበረም።

የሥራ ዘመኑ አንድ ምሽት ይመረጥ ከተባለ ኅዳር 7 ቀን 1952 ነው። ቦታው አሬና ኮሊሴዮ። ባላጋራው ብላክ ሻዶው፣ እሱም ባለ ጭምብል። ግጥሚያው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ ብላክ ሻዶው ጭምብሉን አወለቀ፤ አሌሃንድሮ ክሩስ የሚባል ወጣት ወጣ። የብላክ ሻዶው የትግል ወንድም ብሉ ዲሞን ነበር። «የሻዶው ወንድማማቾች» ተብለው አብረው ይሠሩ ነበር። ብሉ ዲሞን ቂም ያዘ። ወደ ቴክኒኮ ወገን ተሻገረና በ1953 የዓለም ዌልተርዌይት ክብደት ቀበቶውን ከሳንቶ ነጠቀ። ሁለቱ በኋላ በፊልም አብረው ጭራቅ ቢያሳድዱም፣ ከካሜራ ውጭ ብዙም አይዋደዱም ነበር ይባላል።

በዚያው በ1952 ሆሴ ጉዋዳሉፔ ክሩስ የሚባል ሰው በሳንቶ ስም የሥዕል መጽሔት ማውጣት ጀመረ። መጽሔቱ በፎቶና በሥዕል ቅንብር የሚሠራ ነበር። ሪንግ ላይ ሩዶ የሆነው ሰው መጽሔቱ ላይ የድሆች ጠባቂ፣ ክፉ መናፍስት የሚያባርር ጀግና ሆነ። አሬና የመግቢያ ገንዘብ የሌለው ልጅ በሳንቲም ገዝቶ ያነበው ነበር። ሳንቶ ከሬስለርነት ወደ አፈ ታሪክ የተሻገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ፊልሙ ኋላ ነው የመጣው። እሱም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ቴክኒኮ ዞረ። ሕዝቡ ግን በልቡ ቀድሞ አዙሮት ነበር።

ዓመታት አልፈው አሳታሚውና ሳንቶ ተጣሉ። ክሩስ መጽሔቱን አላቆመም። ሌላ ጡንቸኛ ሰው አመጣ፤ ጭምብል አጠለቀለት፤ ግንባሩ ላይ ኤስ ፊደል ጨመረበትና ቀጠለ። ፊት የሌለው ዝና እንዲህ ያለ አደጋም አለበት።

ወደ ፊልም የገባው እያቅማማ ነው። በ1952 «የብሩ ባለጭምብል» የሚል ፊልም ሲሠራ ሳንቶ እምቢ አለ፤ ቦታውን ሜዲኮ አሴሲኖ የሚባል ሌላ ሬስለር ሠራው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሬስሊንግ በሜክሲኮ ሲቲ ከቴሌቪዥን ታገደ። አሬና የማይገባ ሰው ሬስለሮቹን የሚያይበት ቀሪው ቦታ ሲኒማ ቤት ሆነ። ፈርናንዶ ኦሴስ የሚባል ሬስለርና ተዋናይ ሳንቶን አግባባውና በ1958 ኩባ ሄደው ሁለት ፊልም ቀረጹ። የካስትሮ ተዋጊዎች ሀቫና ከመግባታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ፊልሞቹ በ1961 ወጡ። በእነሱ ውስጥ ሳንቶ ረዳት ገጸ ባሕርይ ነው፤ ስሙ እንኳ ሳንቶ አይባልም።

ከዚያ ግን ማን ያቁመው! ከሴት ቫምፓየሮች ጋር የተፋለመበት የ1962ቱ ፊልም ከሁሉም ይበልጥ ይታወቃል። በ1972 የጓናኹዋቶ ሙሚዎች የሚነሡበት ፊልም ወጣ። ጓናኹዋቶ ከተማ በእውነትም ደርቀው የቆዩ ሬሳዎች የሚታዩበት ሙዚየም አለ። ፊልሙን አብዛኛውን የሚይዙት ብሉ ዲሞንና ሌላው ባለ ጭምብል ሬስለር ሚል ማስካራስ ናቸው። ሳንቶ ሊያልቅ ሲል ብቅ ይልና ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። እንደ አክተር ይህ ነው አሪፍ ኑሮ።

እውነቱን ለመናገር ፊልሞቹ ርካሽ ናቸው። የሌሊት ወፎቹ በክር ተንጠልጥለው ይታያሉ። ታሪኩ መሐል ላይ ቆሞ ሙሉ የሬስሊንግ ግጥሚያ ይገባል። ሳንቶ ሙሉ ሱፍ ከጭምብል ጋር ለብሶ ስፖርት መኪና ይነዳል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በብዙዎቹ ድምፁም የራሱ አይደለም፤ ሌላ ተዋናይ ነው የሚናገርለት። ስለዚህ ሜክሲኮ በሲኒማ የምታውቀው ሳንቶ ፊቱም ድምፁም የሮዶልፎ አልነበረም።

ከሪንግ ውጭ ያለው ኑሮው አድካሚ ነበር። ሕዝብ ባለበት ሲበላ አገጩ የተከፈተ ልዩ ጭምብል ነበረው። ለፊልም ወደ ውጭ አገር ሲጓዝ ከቀረጻ ቡድኑ ተለይቶ በሌላ በረራ ይሄዳል። ፓስፖርት ፍተሻ ላይ ጭምብሉን ማውለቅ ግድ ነዋ፤ የሥራ ባልደረቦቹ እንኳ እንዲያዩት አልፈለገም። ጭምብል ሳያደርግ መንገድ ላይ ሲሄድ ግን ማንም የማያውቀው ጎልማሳ ነው። ዝነኛ ሆኖ በነፃነት ገበያ መውጣት የቻለ ሰው ከተባለ እሱ ነው።

በ1981 በግጥሚያ መሐል የልብ ድካም አጋጠመው። የሚፋለመው «የሞት ሚሲዮናውያን» ከሚባሉት ሦስት ወጣቶች ጋር ነበር። ተርፎ ተመለሰና በቀጣዩ ዓመት ስንብቱን አደረገ። የመጨረሻው ግጥሚያ መስከረም 12 ቀን 1982 ቶሬዮ ዴ ኳትሮ ካሚኖስ በተባለው ስፍራ ነበር። 65 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ከጎኑ የድሮ ጓደኛው ጎሪ ጌሬሮ፣ ኡራካን ራሚሬስና ኤል ሶሊታሪዮ ቆሙ። ከፊቱ ፔሮ አጓዮና እነዚያው ሚሲዮናውያን።

ጡረታው ግን ቁጭ ብሎ መብላት አልሆነም፤ በቲያትር መድረኮች ላይ ትርኢት ያሳይ ነበር። በጥር 1984 መጨረሻ «ኮንትራፑንቶ» በሚባል የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀረበና ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ጭምብሉን ከፍ አድርጎ ፊቱን ለአፍታ በከፊል አሳየ። ወዲያው መለሰው። ለምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የካቲት 5 ቀን 1984 በቲያትሮ ብላንኪታ ትርኢቱን ካቀረበ በኋላ በልብ ድካም ሞተ። 66 ዓመቱ ነበር። ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። የተቀበረው ከነጭምብሉ ነው። ቱላንሲንጎ ላይ ሐውልት ቆሞለታል። በ2018 ደግሞ የሜክሲኮ ሲቲ አስተዳደር ሉቻ ሊብሬን የከተማዋ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዘገበው።

ጭምብሉ ግን አልተቀበረም ማለት ይቻላል። የመጨረሻ ልጁ በ1982 ወደ ሪንግ ወጣ። አባቱ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ጨርስ ብሎት ስለነበር፣ ልጁ ሌላ ስምና ሌላ ጭምብል አድርጎ ተደብቆ ነበር የጀመረው። ቀጥሎ «ኤል ኢሆ ዴል ሳንቶ»፣ የሳንቶ ልጅ፣ ተባለና በብርማው ጭምብል የራሱን ትልቅ ስም ሠራ። እሱም ከባላጋራዎቹ ብዙ ጭምብል ሰብስቧል። በኋላ ከቤተሰቡ አንድ የልጅ ልጅ «ኤል ኒዬቶ ዴል ሳንቶ» ብሎ ብቅ ሲል አጎትየው በሕግ ተከራከረው። የስሙ መብት በእጁ ነበርና የእህቱ ይሁን የወንድሙ ልጅ ብሎ አላለፈውም። ወጣቱ «የሳንቶ የልጅ ልጅ» የሚለውን ትቶ አክሴል በሚል ስም መፋለሙን ቀጠለ።