የደም መርጋትና ካንሰር

በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ፣ በተለይም በእግር ጥልቅ ሥሮች የሚፈጠረውና ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ የሚችለው የደም መርጋት ከካንሰር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። የካንሰር ሕሙማን በደም መርጋት የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከ4 እስከ 7 እጥፍ እንደሚበልጥ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ የደም መርጋት ከሚገኝባቸው ሰዎችም ከ5ቱ 1 ገደማ ካንሰር አለበት።

ዝምድናውን በሰፊው ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ ነው፤ ዣን ባፕቲስት ቡዮ በ1823 ቀድሞ ጠቅሶታል የሚሉም አሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ትሩሶ በ1865 ምክንያቱ ያልታወቀ የእግር እብጠትና የሥር መርጋት የተደበቀ የውስጥ ካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል አስተማረ። በ1867 መባቻ ያው ምልክት በራሱ ላይ ሲታይ ከሕመሙ እንደማይድን ለተማሪው ነገረው፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በጨጓራ ካንሰር አረፈ።

የካንሰር ሕዋሳት ቲሹ ፋክተር የተባለ፣ ደም እንዲረጋ የሚያነሳሳ ፕሮቲን ያወጣሉ፤ ዕጢው ሥርን ሲጫን የደም ፍሰት ይዘገያል፤ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒና አልጋ ላይ መዋል ደግሞ ይጨመሩበታል። ደም በማርጋት በኩል የቆሽት፣ የጨጓራና የአንጎል ካንሰር ከሁሉም የከፉ ናቸው።

በአቃቂ ቃሊቲና በሌሎቹ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የአንድ እግር እብጠት ብዙ ጊዜ እንደ ወለምታ ይታይና በወጌሻ ይታሻል። ማሸት የረጋውን ደም ሊያላቅቅ ስለሚችል አደገኛ ነው። የደም መርጋትን ለመጠርጠር ግን የጤና ጣቢያ ነርስ ተራ ሜትር ይበቃታል፤ ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርዳ የሁለቱን እግሮች ባት ትለካለች፣ ያበጠው ከሌላው ቢያንስ በ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠና በሽተኛው የካንሰር ታካሚ ከሆነ ለአልትራሳውንድ ሪፈር መጻፍ ይገባል። ይህ በዝቅተኛው የሕክምና እርከን በሚሠሩ ባለሙያዎች እጅ ያለ፣ ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው።

ምክንያቱ ያልታወቀ የደም መርጋት በተገኘ ቁጥር የተደበቀ ካንሰር በሲቲ ስካን ይፈለግ ወይ የሚለው አከራካሪ ነበር። በ2015 በካናዳ 854 ሰዎችን ያካተተ ጥናት ካንሰር የተገኘባቸው 3.9 በመቶ ብቻ መሆናቸውንና ሲቲ ስካን መጨመሩ ያን ያህል እንዳልጠቀመ አሳይቷል።

በሕክምናው በኩል፣ በ2003 በ676 የካንሰር ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት በ6 ወር ውስጥ መርጋቱ የተመለሰባቸው ደም እንዳይረጋ በሚያደርጉ የዋርፋሪን ዓይነት እንክብሎች 17 በመቶ፣ ዳልቴፓሪን በተባለው መርፌ ደግሞ 9 በመቶ መሆናቸውን ገለጸ። ከ2018 ወዲህ እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉ እንክብሎች አማራጭ ሆነዋል፤ የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ባለባቸው ግን መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት፤ በጾም ወቅት ጎመን ሲበዛም የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ጎመንን መተው ሳይሆን መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አለመለዋወጥ ይመከራል።