አንድ ፓስ፣ ብዙ ተራራ፦ ስለ ኢንዲ ፓስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ ልጆቻቸው «ጓደኞቻችን ስኪ ሊሄዱ ነው፣ እኛስ?» እያሉ የሚወተውቷቸው የሀበሻ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ወላጅ ስልኩን አውጥቶ ቬይል የተባለውን የኮሎራዶ የስኪ ተራራ ዋጋ ሲያይ ክው ይላል፤ በበዓል ሰሞን እዚያው ደርሶ የሚገዛ የአንድ ቀን የሊፍት (ወደ ተራራው አናት የሚያወጣው ማመላለሻ) ቲኬት ብቻ ከ300 ዶላር ያልፋል። ይሄኔ ነው አንድ የሥራ ባልደረባ «ኢንዲ ፓስ የሚባል አለልህ» የሚለው። ምክሩ ደግ ነው። አብሮት የሚመጣው ወሬ ግን ግማሹ ትክክል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንዲ ፓስ አንዴ ተከፍሎበት በብዙ ተራሮች ሊፍት የሚያስጠቅም የወቅት ካርድ ነው። በ2019 ዳግ ፊሽ የተባለ ሰው ጀመረው፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ 199 ዶላር ነበር። በትልልቆቹ ኩባንያዎች፣ ማለትም ኤፒክ ፓስን በሚሸጠው ቬይል ሪዞርትስና ከአይኮን ፓስ ጀርባ ባለው አልቴራ ሥር ያልገቡ ተራሮች ተሰባሰቡ፤ ፓሱን የያዘ ሰው በእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቀን ይንሸራተታል። በ2023 ኢንታቤኒ ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ ገዛው። ዛሬ ከካናዳ፣ ከጃፓንና ከአውሮፓ ጭምር ከ200 በላይ ተራሮች አሉበት።

«ከ200 በላይ ተራራ ካለው፣ የበረዶውን ወቅት ሙሉ መንሸራተት ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተራሮቹን ብዛት ትታችሁ ካርታውን ተመልከቱ። ለዲሲ ነዋሪ ማልዶ ተነስቶ በመኪና የሚደረስባቸው የኢንዲ ተራሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ብራይስና ማሳኑተን፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ኬናን ቫሊ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ብሉ ኖብ። በእነዚህ አራቱ ስምንት ቀን ታገኛላችሁ። ሥራና ልጆች ላሉት ሰው ስምንት ቀን ከበቂ በላይ ነው፤ የቀሩት ሁለት መቶ ምናምን ተራሮች ግን ለእናንተ ወረቀት ላይ ያሉ ስሞች ናቸው። ቬርሞንት የሚገኘው ጄይ ፒክ በዓመት በአማካይ 9 ሜትር ገደማ በረዶ የሚጥልበት ድንቅ ተራራ ነው፤ ከዲሲ ግን የአስር ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፣ ጥቂት ቢነዱ ደግሞ ካናዳ ነው።

አራቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። ብራይስ ሁለት ሰዓት ገደማ ያስነዳል፤ ከአናት እስከ ግርጌ 150 ሜትር ብቻ ነው፣ ለልጆች የሚሆነውም በትንሽነቱ ነው። ማሳኑተን ሃሪሰንበርግ አጠገብ ሆኖ የዚያ እጥፍ ከፍታ አለው። ኬናን ቫሊ ራቅ ይላል፤ ነገር ግን ከአራቱ የተፈጥሮ በረዶ የማይነፍገው እሱ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን ቀን አጣምሮ እዚያው ማደር ይሻላል። ብሉ ኖብ ደግሞ የተገለበጠ ነው፦ መኪና የሚቆመውም፣ ሎጁም አናት ላይ ነው። መጀመሪያ ትወርዳላችሁ፣ የቀኑ መጨረሻ ደግሞ በሊፍት መውጣት ነው። ጉልበቱ የዛለ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቁ ደግ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዝርዝሩ በየወቅቱ ይለዋወጣል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እናንተ የምትሄዱባቸው ተራሮች በዚያ ወቅት ዝርዝር ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ።

«በልጆቹ የገና እረፍት እንጠቀምበታለን»

መደበኛው ፓስ ብላክአውት የሚባሉ፣ የማይሠራባቸው ቀኖች አሉት። ቀኖቹን የሚመርጠው እያንዳንዱ ተራራ ራሱ ነው፤ ምንም የማይከለክል አለ፣ ቅዳሜና እሁድን የሚከለክልም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጉት ግን ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ሳምንት፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ያለበት ረጅም ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም በየካቲት የፕሬዝዳንቶች ቀን ያለበት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት የማይሄዱባቸው ቀኖች ማለት ነው። እነዚህን ቀኖች የሚከፍት ኢንዲ ፕላስ የሚባል ፓስ አለ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

እኛ ግን የራሳችን አቆጣጠር ስላለን ትንሽ እድለኞች ነን። የእኛ ገና ጃንዩዋሪ 7 ነው፤ ያኔ የፈረንጆቹ ግርግር አልቋል፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ሰሞን ገና አልደረሰም። ከገና ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ፓሱ በአብዛኛው የሚሠራበት፣ ብርዱም የጠነከረበት ጊዜ ነው፣ ጾሙም ተፈትቷል። ጥምቀት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥምቀት ጃንዩዋሪ 19 ወይም 20 ሲውል፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ሰኞ ደግሞ ከ15 እስከ 21 ባለው ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ። ያን ሰሞን ታቦት ሸኝታችሁ ብትውሉ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም፤ ተራራው ወይ ተዘግቶባችኋል፣ ወይ በሰው ተጨናንቋል።

«በረዶው መጣል ሲጀምር እገዛለሁ»

አታገኙት ይሆናል። ተራሮቹ በሰው እንዳይጨናነቁ ኢንዲ የሚሸጠውን ፓስ ብዛት ወስኗል፤ ሽያጩ የሚከፈተው ያለፈው ወቅት በረዶ ገና ሳይቀልጥ በፈረንጆች መጋቢት አካባቢ ነው፣ ኮታው ሲሞላ ይዘጋል፣ ከዚያ የተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ መመዝገብ ይመጣል። ለጃንዩዋሪ ጉዞ በጸደይ መወሰን አለባችሁ ማለት ነው። ቤተሰቡ እንደሚሄድ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትግዙ።

«ርካሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይሆናል»

ከትልልቆቹ ጋር ሲተያይ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ለ2024-25 ወቅት ኤፒክ ከ982 ዶላር፣ አይኮን ከ1,249 ዶላር ነበር የጀመሩት፤ መደበኛው ኢንዲ የኤፒክን ግማሽ እንኳ አይደርስም። ነገር ግን ፓሱ የሚከፍለው ሊፍቱን ብቻ ነው። ስኪው፣ ቡቱ፣ ሄልሜቱ፣ አስተማሪው፣ ቤንዚኑ፣ ማደሪያው ከኪሳችሁ ነው። አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ የዕቃ ኪራዩ ሒሳብ ብቻ ሊፍቱን ሊያስንቅ ይችላል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ስኪ ረግጦ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ይህን ፓስ መግዛት የለበትም። ትምህርት፣ ኪራይና የጀማሪዎቹን ሊፍት አንድ ላይ የያዘ የጀማሪ ጥቅል በብዙ ተራሮች ይሸጣል፤ ለሁለት ሦስት ጊዜ እሱን ግዙ። ልጆቹ ከወደዱት ከፀደዩ ሽያጭ ትደርሳላችሁ፤ ለትንንሾቹ የልጆች ፓስ አለ።

ሌላም አለ። ከሥራ በኋላ ማታ ሄዶ መመለስ የሚፈልግ የዲሲ ሰው ከሆናችሁ፣ ለእናንተ የሚቀርቡት ፔንሲልቬኒያ ያሉት ሊበርቲና ኋይትቴል ናቸው። ሁለቱም የቬይል ንብረት ስለሆኑ ኢንዲ እዚያ አይሠራም። «ትልቅ ኩባንያ አልወድም» ብሎ ከደጃፍ ያለውን ትቶ በየሳምንቱ አራት አምስት ሰዓት መንዳት ቁጠባ አይባልም።

«ትንሽ ተራራ ለመማር እንጂ ለሚችል ሰው አይሆንም»

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ኋይት ፓስ የሚባል የኢንዲ ተራራ አለ፤ ሲያትል ያላችሁ ትደርሱበታላችሁ። ፊልና ስቲቭ ሜር የተባሉት መንትዮች ያደጉት እዚያ ነው። በ1984 የሳራዬቮ ኦሊምፒክ በስላሎም (በተተከሉ በትሮች መካከል እየተጠማዘዙ በሚወረድበት ውድድር) ፊል ወርቁን፣ ስቲቭ ብሩን ወሰዱ። ኒው ሃምፕሻየር ያለው ካነን ደግሞ በነፋሱና በጠጠረው በረዶው ለሚችሉትም አይራራም፤ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑ ስኪተኛ ቦዲ ሚለር የተሞረደው እዚያ ነው። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የመንገደኞች የአየር ላይ ኬብል መኪናም በ1938 ሥራ የጀመረው በዚሁ ካነን ነው።

«ኢንዲ» የ«ኢንዲፔንደንት» (ራሱን የቻለ) ማሳጠሪያ ስለሆነም ሁሉም ተራራ ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩት ይመስለናል። እንዲህ ያሉም አሉ። ካነን ግን የኒው ሃምፕሻየር ግዛት ንብረት ነው፣ ኬናን ቫሊ የዌስት ቨርጂኒያ ስቴት ፓርክ ነው፣ ጄይ ፒክን በ2022 የገዛው ሌሎች ሪዞርቶችም ያሉት ኩባንያ ነው። በክፍያው ግን ይመሳሰላሉ፤ ተራራው ከፓሱ ገንዘብ የሚያገኘው የኢንዲ ደንበኞች በመጡለት ልክ ነው።

«ስኪ ማለት ከተራራ ቁልቁል መውረድ ነው»

ሜዳ ለሜዳ የሚኬደው ክሮስ ካንትሪም አለ። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ የተወዳደረው በዚህ ዓይነቱ ነው፣ በ2010 ቫንኩቨርም ደግሞታል። ኢንዲ የክሮስ ካንትሪ ቦታዎችንም ያካትታል፣ ለእነሱ ብቻ የሚሆን በጣም ርካሽ ፓስም አለው። ከፍታ ለሚፈራ አዋቂ ይህን እመክራለሁ።

«ቨርጂኒያ በረዶ ከሌለ ጉዞው ቀረ»

ደጃችሁ ላይ ሣር ቢታይም ተራራው ነጭ ሊሆን ይችላል። እንደ ማሳኑተን ያሉት በረዶውን በማሽን ይሠሩታል፤ ለዚህም ደረቅ አየርና ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቅዝቃዜ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ሰማዩን ትታችሁ የሌሊቱን ቴርሞሜትር ተከታተሉ፦ ሦስት አራት ቀዝቃዛ ሌሊት ተከታትሎ ካለፈ ሂዱ፣ ዝናብ ከተተነበየ ተዉት። ማደሪያ ስትይዙ ሊሰረዝ የሚችለውን ምረጡ።

«ካርዱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሊፍት፤ እኔ ካልሄድኩ ደግሞ ወንድሜ ይውሰደው»

ፓሱ የሚሠራው ለባለስሙ ብቻ ነው፣ መታወቂያ ይጠየቃል። በብዙዎቹ ተራሮች መጀመሪያ ወደ ቲኬት መስኮት ሄዳችሁ የዕለቱን ቲኬት ትወስዳላችሁ። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀድሞ ቦታ ማስያዝ ይፈልጋሉ፤ ይህን ሐሙስ ማታ አረጋግጡ። ቅዳሜ ጠዋት ከነልጆች መስኮቱ ላይ ደርሶ «ዛሬ ሞልቷል» መባል አለ።