ስክሪንካስት ምንድን ነው? ጣት የማይታይበት ትምህርት

አጎቴ ሐዋሳ ዳቦ ቤት አላቸው። የሠራተኞቻቸውን ደመወዝ በኤክሴል ነው የሚሠሩት። አንድ ማታ ደወሉልኝ። «የጡረታውን 7 በመቶ ለመጀመሪያው ሰው በትክክል አወጣልኝ። ወደ ታች ስጎትተው ግን ሌላው ሁሉ ዜሮ ሆነ!» በስልክ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ሴሉን ይንኩት... ከላይ ረጅም ነጭ ሳጥን አለ... አይ ጋሼ፣ እሱ አይደለም፣ ከሱ በላይ ያለው...» ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። በመሃል ካርዳቸው አለቀ።

እኔም ላፕቶፔን ከፈትኩ። ያንኑ ሠንጠረዥ ሠራሁ። እየተናገርኩ ስክሪኑን ቀዳሁና በቴሌግራም ላክሁላቸው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው።

ስክሪንካስት የሚባለው ይኸው ነው። ኮምፒውተር ወይም ስልክ ስክሪን ላይ የሚሆነውን፣ ብዙ ጊዜ ከሚያስረዳው ሰው ድምፅ ጋር፣ ወደ ቪዲዮ መቅዳት። ካሜራ አያስፈልግም። የአስተማሪው ፊት ላይኖር ይችላል። የሚታየው ወዲያ ወዲህ የሚል ማውስ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ሜኑ ነው። «ስክሪን ሪከርድ» መቅዳቱ ራሱ ነው፤ ጌምም፣ የቪዲዮ ስብሰባም ይቀዳል። ስክሪንካስት የሚባለው ለሰው ለማሳየት ታስቦ ሲቀዳ ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም «ቱቶሪያል» ነው፤ እሱም ያግባባል።

ሥራው ከስሙ ይቀድማል። ሎተስ ስክሪንካም የተባለ ፕሮግራም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም «ዓ.ም.» ካላልኩ እንዲሁ ናቸው) ስክሪን ይቀዳ ነበር። ስሙ የመጣው በ2004 ነው። ጆን ዩዴል የተባለ አሜሪካዊ የቴክኖሎጂ ጸሐፊ አንባቢዎቹን «ይህን ነገር ምን እንበለው?» ብሎ ጠየቀና ከተላኩለት ስሞች ይህን መረጠ። በዚያው ዓመት ቦስተን የሚኖረው ሳልማን ካን ኒው ኦርሊንስ ያለች የአጎቱን ልጅ በስልክና በኢንተርኔት ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። ሌሎች ዘመዶችም ተጨመሩ። ጊዜ አልበቃው ሲል በ2006 ትምህርቱን እየቀዳ ዩቲዩብ ላይ መጫን ያዘ። ፊቱ አይታይም፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ ባለቀለም ጽሑፍና ድምፅ ብቻ። ካን አካዳሚ የተወለደው እንዲህ ነው። እሱ ሲያወራ ዘመዶቹ በአካል ከሚያስተምራቸው ይልቅ ቪዲዮውን እንደሚመርጡ ነግረውታል። ገባኝ። ቪዲዮ አስር ጊዜ ወደ ኋላ ቢመልሱት «አሁንም አልገባህም?» አይልም።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ችግራቸው ቀላል ነበር። ደመወዙ ቢ2 (አምድ ቢና ረድፍ 2 የሚገናኙበት ሳጥን) ላይ ነው፤ 7 በመቶው ኢ1 ላይ። ፎርሙላው ሁለቱን ያባዛል። ወደ ታች ሲጎተት ግን ኤክሴል ሁለቱንም አድራሻ አብሮ ያወርዳል፤ ቢ3ን በኢ2፣ ቢ4ን በኢ3 እያለ። ኢ2 ደግሞ ባዶ ነው። በባዶ ያባዙት ዜሮ ነው። መፍትሔው ኢ1 ባለበት እንዲቆይ መቸንከር ነው። ፎርሙላው ውስጥ ኢ1 ላይ ሆነው ኤፍ 4ን ሲጫኑ የዶላር ምልክት ይገባበታል፤ ከዚያ ወዲያ አይነቃነቅም።

በማግስቱ ደወሉ። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ደመወዙ በብር ነው፤ ዶላሩን ምን አመጣው?» ብለው ነው። ሁለተኛው ቅሬታቸው ግን ትክክል ነበር። «አንተ ስትሠራው ዶላሩ ብቅ ይላል። እኔ ኤፍ 4ን ስጫን የላፕቶፑ ድምፅ ይጠፋል።»

ጥፋቱ የኔ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ የላይኛው ረድፍ ቁልፎች ድምፅና ብርሃን መቆጣጠሪያ ናቸው። ኤፍ 4 እንዲሆኑ «ኤፍኤን» የሚለው ቁልፍ አብሮ መጫን አለበት። እኔ እጄ ስለለመደው ሳላስበው ሁለቱን ተጫንኩ። ቪዲዮው ላይ ደግሞ እጄ የለም። ይህ የስክሪንካስት ትልቁ ጉድለት ነው፦ ውጤቱን ያሳያል፣ ጣትን አያሳይም። ባለሙያ የሆነ ሰው በቁልፍ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ጎበዝ በሆነ መጠን ቪዲዮው እንደ አስማት ይሆናል። አንድ ነገር ብልጭ ይላል፤ ተመልካቹ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ስለዚህ የምትጫኑትን ሁሉ በአፋችሁ ተናገሩ። በቁልፍ የሚቻለውንም ቢሆን አንዴ በሜኑ፣ በማውስ፣ ቀስ ብላችሁ አሳዩ። የምትጫኑትን ቁልፍ ስክሪን ላይ ጽፈው የሚያሳዩ ትንንሽ ፕሮግራሞችም አሉ።

መቅጃ ፍለጋ ብዙ አትድከሙ፤ እጃችሁ ላይ አለ። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኦልትንና አርን አንድ ላይ ሲጫኑ መቅዳት ይጀምራል። የተከፈተውን አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚቀዳው፤ ዴስክቶፑን አይወስድም። ማክ ላይ ከ2018 ወዲህ ሺፍት፣ ኮማንድና 5 ነው። አይፎን ከ2017፣ አንድሮይድ ከ2020 ጀምሮ መቅጃው አብሯቸው ይመጣል። ከዚህ ከፍ ያለ የሚፈልግ ኦቢኤስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ያውርድ። በኦቢኤስ ስትቀዱ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉት። ተራው ኤምፒ4 መጨረሻው በወጉ ካልተዘጋ አይከፈትም። መብራት ድንገት ሄዶ፣ ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ የአርባ ደቂቃ ልፋቴ አንዴ ገደል ገብቷል። ኤምኬቪ ቢሆን ኖሮ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፍ ነበር። በኋላ ኦቢኤስ ራሱ ወደ ኤምፒ4 ይቀይርላችኋል።

ደስ የሚለው ነገር የስክሪን ቪዲዮ ብዙ ዳታ አይበላም። ቪዲዮ ሲታመቅ እያንዳንዱን ምስል እንደ አዲስ አያስቀምጥም፤ ከበፊቱ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዘው። ሰርግ ላይ ሁሉም ይወዛወዛል። ኤክሴል ላይ የሚንቀሳቀሰው ማውሷ ብቻ ናት። ክፋቱ ፊደል ደብዘዝ ካለ አለቀ። ሰው ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን 144 ላይ ሲያደርገው ዘፈን ይደመጣል፤ ፎርሙላ ግን አይነበብም። ከተመልካቾቻችሁ ብዙዎቹ ደግሞ በስልክ ነው የሚያዩት። ከመቅዳታችሁ በፊት ኤክሴሉን 150 ወይም 200 በመቶ አጉሉት። የቴሌግራምንም መልእክት ዝጉ። ትምህርቱ መሃል ከባንክ የመጣ «ቀሪ ሂሳብዎ» ብቅ ሲል ማየት ለማንም አይመችም። የሰው ደመወዝ የምታሳዩ ከሆነ ስሙንም ቁጥሩንም የውሸት አድርጉት።

ስንት ደቂቃ ይሁን? በ2014 የወጣ ጥናት ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምሮ፣ ቪዲዮው የፈለገውን ያህል ቢረዝም ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ደቂቃ በላይ አብሮት እንደማይቆይ አገኘ። እኔ አንድ ቪዲዮ ለአንድ ጥያቄ እላለሁ። «ኤክሴል ከሀ እስከ ፐ» የሚለውን የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ሴቭ አድርጎ የጨረሰው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ለተመልካቹም አንድ ነገር አለኝ። በ2018 ማይክል ካርዳስና ኤድ ኦብራየን የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን አንድ ትርኢት አሳዩ፦ ዕቃ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን ብቻ መንጭቆ ማውጣት። አንዳንዱ አንዴ፣ አንዳንዱ ሃያ ጊዜ አየ። ሃያ ጊዜ ያየው «እችለዋለሁ» የሚለው እምነቱ ጨመረ። ደጋግሞ ማየት ግን ችሎታውን አይጨምርለትም። ሶፍትዌርም ያው ነው። ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ያዩት ፎርሙላ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ የለም። ስለዚህ ቪዲዮውን በስልክ፣ ፕሮግራሙን በኮምፒውተር ክፈቱ። አንድ እርምጃ እዩ፣ አቁሙ፣ ሥሩ። ዩቲዩብን ኮምፒውተር ላይ የምታዩ ከሆነ «ኬ» ያቆመዋል፤ «ጄ» 10 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ቪዲዮው የተሠራበትን ቀንም እዩ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም ሴጅ የተባለው ኩባንያ ከገዛው ቆይቷል፤ ስሙም ሴጅ 50 ከሆነ ሰንብቷል። እኛ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው የምንለው፤ የምናየው ቪዲዮና እጃችን ላይ ያለው ፕሮግራም ላይገጥሙ ይችላሉ። ቁልፍ ቦታ ሲቀይር ቢያንስ ይታወቃል። የማይታወቀው ይብሳል። ከ2017 ዓ.ም. የግብር ሕግ ማሻሻያ ትንሽ ቀደም ብሎ የተሠራ የደመወዝ ቪዲዮ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ 600 ብር ይላል። በማሻሻያው 2,000 ሆኗል። ፎርሙላው ምንም ሳይጮህ ይሠራል፤ የሚወጣው ቁጥር ነው ስህተቱ።

አጎቴ አሁን ሲቸግራቸው አይደውሉም። ስክሪናቸውን ቀድተው ይልኩልኛል። ከወጉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ተማሪው ቀድቶ አስተማሪው ያያል። በቀደም የላኩት 40 ሰከንድ ነው። የቀን ሽያጩ ድምር አንሶባቸዋል። አንድም ቃል አይናገሩም፤ ማውሷ ድምሩ ላይ እየዞረች ትወቅሳለች። ከኋላ አንድ ሰው «ጋሼ፣ አምስት ዳቦ!» ይላል። ቆም አድርጌ አየሁት። ቁጥሮቹ ሁሉ ሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግተዋል፤ የሐሙሱ ብቻ ወደ ግራ ነው። ከቁጥሩ ጎን «ብር» ብለው ጽፈውበታል። ኤክሴል ቃል መስሎት ሳይደምረው አልፎታል። «የሐሙሱን ብር ያጥፉት» ብዬ ጻፍኩላቸው።

«ምኑን ነው የማጠፋው? ተሽጧል እኮ!» አሉኝ።