ማካካሻ ትምህርት ምንድን ነው? ፖርሽን መሸፈን ነው እንዴ?

«ቅዳሜ ማካካሻ አለ፤ ሦስት ምዕራፍ እንሸፍናለን።» ልጁን አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ የሚያስተምር ወላጅ ይህን መልእክት በቴሌግራም ሳይቀበል የሚያልፍ መንፈቅ የለም። ይህ ግን ማካካሻ ሳይሆን የዘገየ ፖርሽን ማሯሯጥ ነው። መምህር ታሞ ወይም ስብሰባ ተጠርቶ የባከነ ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ ቢሰጥ ደግ ነው፤ ከማካካሻ ጋር ግን አይገናኝም። ማካካሻ የሚባለው ተማሪው ከታች ክፍል ይዞት መምጣት ሲገባው ያልያዘውን ለይቶ፣ ያንኑ ብቻ አስተምሮ፣ መያዙን አረጋግጦ ወደ ክፍሉ ትምህርት መመለስ ነው።

ሪሚዲያልም ሌላ ነገር ነው። እሱ ከ2015 ጀምሮ የመጣ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶ ላልሞላላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገር ደነገጠ። የሚጠገነው ግን እዚያ ከመድረሱ በፊት፣ 9ኛ ክፍል ላይ ነበር።

አንድ አስተያየት ሰጪ «የኮሮና ተማሪ እኮ ጨርሶ ወጣ፤ እስከ መቼ ነው የሚካካሰው?» ይላሉ። እስቲ ዓመቱን እንቁጠር። ትምህርት ቤቶች የተዘጉት መጋቢት 2012 ነው፤ መከፈት የጀመሩት ጥቅምት 2013። በ2012 3ኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ካልደገመ፣ በ2018 9ኛ ክፍል ነው። 6ኛ የነበረው 12ኛ ደርሷል። ሁለቱም ሁለተኛውን መንፈቅ በቅጡ ሳይማሩ ወደ ቀጣዩ ክፍል አልፈዋል። «በሬዲዮ፣ በቲቪና በቴሌግራም ተሰጥቷል» የሚለው መልስም አያዋጣም። ፒዲኤፉ ስለተላከ ልጁ ተምሯል ማለት አይደለም፤ ያውም አንድ ስልክ ለሦስት ልጅ በሆነበት ቤት።

የሽመናን ነገር አስቡ። ከድሩ አንድ ክር ሲበጠስ ሸማኔው መወርወሪያውን ስላፈጠነ ክፍተቱ አይደፈንም፤ እንዲያውም ጋቢው በረዘመ ቁጥር ክፍተቱም አብሮ ይረዝማል። ስለዚህ ቆም ብሎ የትኛው ክር እንደተበጠሰ ይለያል፣ ይቋጥራል፣ ይቀጥላል። ድሩን በሙሉ እንደ አዲስ አያደራም። ሁሉም ትምህርት ድር አይደለም፤ የሮማውያን ቁጥር ማግ ነው፣ አንዴ አልፎ ይቀራል። ክፍልፋይ ግን ድር ነው፤ እስከ 12ኛ ክፍል ይዘልቃል።

በተግባር እንየው። «ግማሹና ሲሶው ሲደመር 5 የሚሆን ቁጥር ስንት ነው?» ሲባል ብዙ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ይደምርና «ሁለት አምስተኛ» ብሎ 12.5 ላይ ይደርሳል። የ12.5 ግማሽ ብቻውን ከ5 እንደሚበልጥ ልብ አይልም። መልሱ 6 ነው። መምህሩ ቀዩን ምልክት አድርጎ «እኩልታ አልገባቸውም» ይልና እኩልታን ይደግማል። ያው ተማሪ ፊዚክስ ላይ የ3 ኦምና የ6 ኦም ሬዚስተር በፓራለል ሲሰጠው፣ አንድ ሦስተኛንና አንድ ስድስተኛን ደምሮ መገልበጥ ሲገባው፣ በዚያው ስህተት 4.5 ያወጣል፤ ትክክሉ 2 ነው፣ ከትንሹ ሬዚስተር ሊበልጥም አይችልም። የፊዚክስ መምህሩ በበኩሉ ኦምን ይደግማል። ሁለት መምህራን፣ ሁለት ቅዳሜ፤ የተበጠሰው ክር ግን አንድ ነው።

ለመለየት የሚያስፈልገው አጭር ፈተና ነው። ለሂሳብ ስምንት ክህሎት ይበቃል፦ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ መቶኛ፣ ጥመርታና ወደር፣ ኔጋቲቭ ቁጥሮች፣ ቀላል እኩልታ፣ መጠነ ዙሪያና ስፋት፣ ግራፍ ማንበብ። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ፣ በድምሩ 24፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ። ምርጫ መሆን የለበትም፤ አራት አማራጭ ካለው ምንም የማያውቅ ልጅም በግምት በአማካይ 6 ያገኛል፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣም አይታይም። ውጤቱ ከመቶ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከገባ ይኮረጃል፣ የምታዩትም የጎበዙን ልጅ ወረቀት ይሆናል። ውጤቱን ስትመዘግቡ ድምሩን ተዉት፤ ስም ወደ ጎን፣ ክህሎት ወደ ላይ አድርጋችሁ ሠንጠረዥ ሙሉ። 24 ላይ 12 ያመጡ ሁለት ልጆች የሚያመሳስላቸው ነገር ላይኖር ይችላል።

ከዚያ ምድብ ሳይሆን ክፍተት ነው የሚቧድነው። 9ኛ «ሀ»ን በሙሉ ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ክፍልፋይ የጎደላቸውን ከየምድቡ ሰብስቡ፣ ከ25 አይብለጡ፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ጊዜው ከመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ ይውጣ። ቅዳሜ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ማካካሻ የማያስፈልገው ነው፤ የሚያስፈልገው የታክሲ ሂሳብ የለውም፣ ወይም ቤት ውስጥ ሥራ አለበት። ከከተማው ጫፍ ደግሞ ሰልፉ ራሱ ግማሽ ቀን ይበላል። አስተማሪውም የግድ የ9ኛ ክፍል መምህር መሆን የለበትም። ክፍልፋይን ወረቀት አጥፎ ማሳየት የለመደው የ5ኛ ክፍል መምህር ነው፤ አጠገብ የመጀመሪያ ደረጃ ካለ ከዚያ ተዋሱ። ቴሌግራሙ ለልምምድ ጥሩ ነው፦ ተማሪው የሠራውን ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ስልክ ለሌለው በወረቀት ይታተማል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ዳርቻ ላይ ያለ ክፍል ውስጥ ደግሞ ታች ክፍልን በአማርኛ የተማረም በአፋን ኦሮሞ የተማረም አብሮ ይቀመጣል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከመጣ የምትለኩት ሂሳቡን ይሁን ቋንቋውን አታውቁም። በተቻለ መጠን በቁጥርና በሥዕል ጠይቁ።

ደግሞ ክፍተት ሁሉ የኮሮና አይደለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወይም ኪራይ አባሮት በዓመት አጋማሽ የተዛወረ ልጅም ብዙ ነው። ሠንጠረዡ ምክንያቱን አይነግራችሁም፤ ለቡድን ምደባ ግን አያስፈልግም።

ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ቁጥሩ የተቀየረ ተመሳሳይ ፈተና ስጡ፣ ከወር በኋላም ድገሙት። «አማካያቸው ከፍ አለ» ብላችሁ ለወላጅ ኮሚቴ ከማወጃችሁ በፊት ግን ተጠንቀቁ፤ ዝቅተኛ ያመጡትን ብቻ መርጦ ደግሞ የፈተነ ሰው ምንም ባያስተምርም ትንሽ ከፍታ ያያል፣ ምክንያቱም ከነዚያ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ያልቀናቸው አሉ። የሚታመነው ከሦስቱ ጥያቄ ሦስቱንም ከነአሠራራቸው የሠራ፣ ከወር በኋላም የደገመው ነው። ያልደገመው ወደ ሌላ ስድስት ሳምንት አይገባም፤ ወደዚያችው አንድ ክህሎት፣ ሌላ መምህር ጋር፣ በሌላ መንገድ።